ሚያዝያ 27 በመላእክት ከተማ

አንባቢያን ሆይ፣ ዛሬ ስለ አንድ ሩቅ ከተማና ስለ አንድ በዓል ላጫውታችሁ። በዓሉ የእኛ አይደለም፤ የሜክሲኮዎች ነው። ያየሁትም በአሜሪካ አገር፣ በአንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። «የሰው አገር በዓል ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። እስቲ እስከ መጨረሻው አንብቡና ፍረዱ።

በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ነገር ስናገር ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። የእኛን አቆጣጠር ስጽፍ «በእኛ» እላለሁ።

ከተማው

ከተማው ሎስ አንጀለስ ይባላል። በስፓኝ ቋንቋ «መላእክት» ማለት ነው። በአሜሪካ ምዕራብ፣ በትልቁ ውቅያኖስ አጠገብ ይገኛል። አውራ ጎዳናው ሰፊ ነው። መኪናው እንደ ጎርፍ ነው፤ ቀንም ሌትም አይቆምም። እግረኛ ግን ጥቂት ነው። ከቤት ወደ ሥራ ለመሄድ እኔ ሁለት አውቶቡስ እቀይር ነበር።

ይህ ከተማ ዛሬ የአሜሪካ ነው። ድሮ ግን የሜክሲኮ ነበር። አሜሪካና ሜክሲኮ ተዋጉ፤ ሜክሲኮ ተሸነፈች። በ1848 አገሩ ለአሜሪካ ተሰጠ። ብዙ የመንደርና የመንገድ ስም ግን እስከ ዛሬ በስፓኝ ቋንቋ ነው። ከሕዝቡም ብዙ ሰው ከሜክሲኮ የመጣ ወይም የሜክሲኮ ዘር ያለው ነው። ገበያ ብትወጡ፣ ግንባታ ቦታ ብትሄዱ፣ ወጥ ቤት ብትገቡ የምትሰሙት ቋንቋቸውን ነው።

የእኛም ሰው እዚያ አለ። ፌርፋክስ የሚባል መንገድ አለ። ከ2002 ጀምሮ የመንገዱ አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ ተሰይሟል። እዚያ እንጀራ ይበላል፤ ቡና ይፈላል፤ ሽሮና በርበሬ ይሸጣል። አገር ሲናፍቀኝ እዚያ እሄድ ነበር።

ሥራዬ

ሥራዬ ሰሃን ማጠብ ነበር። የምሠራው በአንድ ባር ውስጥ ነው። ባር ማለት መጠጥ ቤት ነው። ግን እንደ እኛ ጠላ ቤት በመደብ ተቀምጦ ማውጋት የለም። ረዥም ባንኮኒ አለ። ከባንኮኒው ፊት ረዣዥም ወንበሮች ተደርድረዋል። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ይጠጣል። ከኋላ ጠባብ ወጥ ቤት አለች። የእኔ ቦታ እዚያ ነበር።

የወጥ ቤቱ አለቃ አንድ ሽማግሌ ሜክሲኮ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስልሳ ዓመት ይሆናል። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ሪዛቸው ሽበት የጀመረው ሰው ናቸው። እኔ ታላቅ ሰው በስሙ ብቻ መጥራት አላስችል አለኝ። ስለዚህ «ጋሼ» እላቸው ጀመር። እሳቸው መጀመሪያ ስድብ መሰላቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ የወጥ ቤቱ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ይላቸው ጀመር። እኔም እዚህ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ስማቸውን አልጽፍም።

ጋሼ የፑዌብላ ሰው ናቸው። ፑዌብላ በሜክሲኮ መካከል ያለ ደጋ አገር ነው። ተራራ የከበበው፣ ገበሬ የሞላው አገር ነው። የዋናው ከተማ የድሮ ስም «የመላእክት ፑዌብላ» ነበር። «አየህ፣ ከመላእክት ከተማ ወጥቼ ወደ መላእክት ከተማ መጣሁ፤ መልአክ ግን አላየሁም» ይሉኝ ነበር። አገራቸውን ካዩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው በሕይወት አሉ። በየሳምንቱ ስልክ ይደውሉላቸዋል። መሄድ ግን አይችሉም። ከሄዱ መመለሻ ወረቀት የላቸውም።

በርበሬና በቆሎ

አንድ ቀን ጋሼ ደረቅ ቃሪያ ሲያምሱ ጢሱ አስነጠሰኝ። የእናቴ ቤት ትዝ አለኝ። «ይህ የእኛ አገር በርበሬ ነው» አልኳቸው። ጋሼ ሳቁ። «የእናንተ በርበሬ የእኛ የልጅ ልጅ ነው» አሉኝ።

እውነት ነው። የበርበሬ ዘር ከጥንት የተገኘው በአሜሪካ ምድር ነው። ሜክሲኮ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ዓመት ሲዘራ ኖሯል። በቆሎም እንደዚሁ ነው። የሜክሲኮ ገበሬዎች ከ9,000 ዓመት በፊት ገደማ ከዱር ሣር ለይተው አለመዱት። ከ500 ዓመት በፊት ገደማ ፈረንጆች በመርከብ ዘሩን ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ በዓለም ተሠራጨ። በመጨረሻም እኛ ጓሮ ደረሰ። እንግዲህ በቆሎ የምትዘሩ፣ በርበሬ የምትደልዙ ሁሉ ሳታውቁት የሜክሲኮ ገበሬ ልጆችን ሥራ ትሠራላችሁ ማለት ነው።

እነሱ በቆሎውን በኖራ ውኃ ይቀቅሉታል። ቅርፊቱ ይለቃል። ከዚያ ፈጭተው ያቦኩትና በምጣድ ስስ ቂጣ ይጋግሩታል። ቶርቲያ ይሉታል። እኛ በእንጀራ እንደምንጠቀልል እነሱ በቶርቲያ ይጠቀልላሉ። የሚበሉትም በእጅ ነው። ጋሼና እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የተግባባነው በዚሁ ነው።

በዓሉ ምንድን ነው?

በዓሉ ሲንኮ ዴ ማዮ ይባላል። ትርጉሙ «ሜይ አምስት» ማለት ነው። በዚያ ቀን የእኛ ባር ከዓመቱ ሁሉ የበለጠ ይሸጥ ነበር። ባለቤቱ ከሁለት ሳምንት በፊት አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ወረቀት ይሰቅላል። የሜክሲኮ ባንዲራ ቀለም ነው። ቢራ በካሳ ይከመራል። ተኪላም ይመጣል። ተኪላ ከአጋቬ ተክል የሚወጣ ጠንካራ መጠጥ ነው። አጋቬ እሬትና ቃጫን ይመስላል፤ ቅጠሉ ወፍራምና እሾሃም ነው። እምብርቱን ጠብሰው፣ ጨምቀው፣ አብላልተው እንደ አረቄ ያወጡታል።

የሚመጣው ጠጪ አብዛኛው ሜክሲኮ አይደለም። ወጣት አሜሪካዊ ነው። «የምን በዓል ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት «የሜክሲኮ ነፃነት ቀን ነው» ይላችኋል። ስህተት ነው። የሜክሲኮ የነፃነት ቀን ሴፕቴምበር 16 ነው። በ1810 ሚጌል ኢዳልጎ የሚባሉ ቄስ የቤተ ክርስቲያን ደወል ደውለው ሕዝቡን በስፓኝ አገዛዝ ላይ ያስነሱበት ቀን ነው። ሜይ 5 ግን ሌላ ነው። ምን እንደሆነ ያን ጊዜ እኔም አላውቅም ነበር።

ቆቡ

በዚያ ቀን ጠዋት እናቴ ከአገር ቤት ደወለች። እኔ ገና አልተነሳሁም። እነሱ ጋ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው።

«ልጄ፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«የሥራ ቀን ነው» አልኳት።

«ሚያዝያ 27 ነው። የአያትህን ሜዳሊያ ከሣጥን አውጥቼ ወለወልኩት» አለችኝ።

አያቴ አርበኛ ነበሩ። «እሺ እማዬ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እንቅልፌ ነበር ያሳሰበኝ።

ማታ ባሩ ሞላ። መቆሚያ ጠፋ። ባለቤቱ አንድ ካርቶን ይዞ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ካርቶኑ ውስጥ ከገለባ የተሠራ በጣም ሰፊ ቆብና ከጥቁር ወረቀት የተቆረጠ ሪዝ አለ። ቆቡን ለጋሼ ዘረጋ። «ይህን አድርጉና ወጥተው መጠጥ ያዙሩ። ሰው ይስቃል። ከደመወዝ በላይ 40 ዶላር እጨምራለሁ» አለ።

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ አበሱ። «የራሴ ሪዝ እያለኝ የወረቀት ሪዝ ልለጥፍ?» አሉ። «ወጥ ልሥራ ብትለኝ እሠራለሁ። መሳቂያ ሁን ብትለኝ አልሆንም።»

ባለቤቱ ፊቱ ተለወጠ። «ነገ እንነጋገራለን» አለ። ይህ አነጋገር በዚያ አገር ደኅና አይደለም። ወረቀት ለሌለው ሰው ደግሞ ከሥራ መባረር ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?» አለኝ።

አንባቢያን፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ተቀበልኩት። 40 ዶላር ለእናቴ ብዙ ነው አልኩ። በዓሉም የእኔ አይደለም፤ ምን አገባኝ አልኩ። ቆቡን ደፍቼ፣ ሪዙን ለጥፌ ወጣሁ። ሰው አጨበጨበ። አንዱ ትከሻዬን መታኝ። አንዷ ፎቶግራፍ አነሳችኝ። እኔም ሳቅሁ።

ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ስል ግን ጋሼን አየኋቸው። ወጥ በሚወጣበት ትንሽ መስኮት በኩል ይመለከቱኛል። አልተቆጡም። ብቻ ያዩኛል። ከዚያ አቀርቅረው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በዚያች ደቂቃ የእናቴ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። «ሚያዝያ 27 ነው።» አያቴ በፎቶግራፋቸው ላይ ጎፈሬያቸው እንደ ቆብ ከፍ ብሎ ይታያል። አርበኞች በበረሃ ፀጉራቸውን አይቆረጡም ነበርና። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፦ አንድ መጠጥ ቤት የወረቀት ጎፈሬ ገዝቶ፣ በአርበኞች ቀን ለሰካራም ቢያድል፣ አንድ የማያውቅ ሰው ያንን ደፍቶ ቢጨፍር፣ እኔ በመስኮት ብመለከት ምን እሆናለሁ?

ወደ ወጥ ቤት ተመለስኩ። ቆቡን አወለቅሁ። ሪዙን ነቀልኩት፤ ቆዳዬን ይዞ መጣ። ለባለቤቱ «ሰሃን ተከምሯል፤ ገንዘቡ ይቅር» አልኩት። ተነጫነጨ። ግን ቤቱ ሞልቷል፤ ሁለታችንንም ቢያባርር የሚሠራለት የለም። ትቶን ሄደ። ለጋሼ «ይቅርታ» አልኳቸው። «ሰሃኑን እጠብ» አሉኝ። ሲሉኝ ግን ፈገግ ብለው ነበር።

በወጥ ቤት የተከበረው በዓል

ባሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተዘጋ። ጠጪው ወጣ። ወረቀቱ መሬት ላይ ተረግጧል። ጋሼ ከማቀዝቀዣው አንድ ድስት አወጡ። «አሁን የእኛ ተራ ነው» አሉ።

ድስቱ ውስጥ ያለው ሞሌ ነው። ሞሌ የፑዌብላ የክብር ወጥ ነው። ልክ እንደ እኛ ዶሮ ወጥ ያለ በዓል አይሠራም። ሦስት ዓይነት ደረቅ ቃሪያ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ጥቂትም ቸኮላት ይገባበታል። ሁሉም ይታመሳል፤ ይፈጫል፤ ቀስ ብሎ ይበስላል። በእናታቸው ቤት የሚፈጨው በድንጋይ ወፍጮ ነበር። ሥጋው ተርኪ የሚባል ከዶሮ የሚበልጥ ወፍ ነው። ጋሼ ሁለት ቀን ሙሉ በትርፍ ሰዓታቸው ሲሠሩት ነበር። ከለር ያለ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ሽታው ደግሞ የእማዬ ድስት ነው። ስድስት ሠራተኞች ቆመን በእጃችን በላን።

ከዚያ ጋሼ የጨው ዕቃና የበርበሬ ዕቃ አንስተው ጠረጴዛው ላይ አቆሙ። «እነዚህ ሁለት ኮረብታዎች ናቸው። ሎሬቶና ጓዳሉፔ ይባላሉ። ፑዌብላ ከሥር ናት» አሉ። ሎሚዎቹን ደግሞ በረድፍ ደረደሩ። «እነዚህ ፈረንሳዮች ናቸው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1861 ሜክሲኮ በጦርነት ደክማ ነበር። ካዝናዋ ባዶ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ቤኒቶ ኋሬዝ ነበሩ። ኋሬዝ የገበሬ ልጅ ናቸው። በሕፃንነታቸው እናትና አባታቸው ሞቱ። በግ ሲጠብቁ አደጉ። በልጅነታቸው የሚናገሩት የብሔረሰባቸውን የሳፖቴክን ቋንቋ ነበር። ኋላ ተምረው ለአገር መሪነት በቁ። እሳቸው «የውጭ ዕዳችንን ለሁለት ዓመት አንከፍልም» አሉ። እንግሊዝ፣ ስፓኝና ፈረንሳይ መርከብ ላኩ። እንግሊዝና ስፓኝ ተደራድረው ተመለሱ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሦስተኛው ናፖሊዮን ግን ዕዳውን ሰበብ አድርጎ አገሩን ሊይዝ ፈለገ።

ወደ 6,000 የሚጠጋ የፈረንሳይ ጦር ወደ ዋናው ከተማ ገሠገሠ። በመንገዱ ላይ ፑዌብላ ነበረች። ሜክሲኮዎች 4,000 ገደማ ነበሩ። መሣሪያቸው አሮጌ ነው። አዛዣቸው ኢግናስዮ ሳራጎሳ የ33 ዓመት ጄኔራል ነበር። ከሰሜን ፑዌብላ ተራሮች ገበሬዎች መጥተው ተሰለፉ። ብዙዎቹ የያዙት ገጀራ ነበር፤ እርሻ የሚመነጥሩበት ገጀራ። ሜይ 5 ቀን 1862፣ በእኛ 1854 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አገር አጼ ቴዎድሮስ ነበሩ። ፈረንሳዮች ወደ ኮረብታው ደጋግመው ወጡ። ደጋግመው ተመለሱ። ከቀትር በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለ። ኮረብታው ጭቃ ሆነ። ፈረንሳይ ተሸነፈች። ጋሼ ሎሚዎቹን በእጃቸው ጠርገው ከጠረጴዛ ጣሏቸው።

ወሬው ካሊፎርኒያ ደረሰ። በዚያ ወርቅ የሚቆፍሩ ሜክሲኮዎች ነበሩ። በደስታ ዘፈኑ፤ ተኩስ ተኮሱ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በካሊፎርኒያ በዓሉ በየዓመቱ ይከበራል። በሜክሲኮ ግን በትልቁ የሚያከብሩት ፑዌብላዎች ናቸው። በአሜሪካ ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ የቢራ ነጋዴዎች ቀኑን መሸጫ አደረጉት። ቆቡም የመጣው ከዚያ ነው።

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ሰላም ሆነ?» አልኳቸው።

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ፣ ተመልሰው መጡ» አሉ። ሳራጎሳ ከድሉ ከአራት ወር በኋላ በበሽታ ሞተ። በ1863 ፈረንሳይ እጅግ የበዛ ጦር ላከች። ፑዌብላ ሁለት ወር ተከበበች። ረሃብ ገባ፤ ከተማዋ ተያዘች። በ1864 ፈረንሳዮች ማክሲሚልያን የሚባል የኦስትሪያ ልዑል አምጥተው ንጉሥ አደረጉ። ኋሬዝ ግን እጃቸውን አልሰጡም። ሕዝቡም አልተኛም። በ1867 ሜክሲኮዎች አገራቸውን አስመለሱ።

የእኔ ተራ

እኔ ዝም አልኩ። ታሪኩን የማውቀው መሰለኝ። «የእኛም እንደዚሁ ነው» አልኳቸው።

አድዋን ነገርኳቸው። በእኛ 1888 ዓ.ም. ኢጣሊያ ተሸነፈች። ከአርባ ዓመት በኋላ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ተመልሳ መጣች። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባች። አርበኞች አምስት ዓመት በዱር በገደል ተዋጉ። የእንግሊዝም ጦር መጥቶ አገዘ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ጠላት የገባበት ቀንና ድል የተደረገበት ቀን አንድ ሆነ።

«ሚያዝያ 27 በእናንተ አቆጣጠር መቼ ነው?» አሉኝ።

«ዛሬ ነው። ሜይ አምስት» አልኳቸው።

ጋሼ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። «አዲስ አበባ ውስጥ ሜክሲኮ አደባባይ የሚባል ቦታ አለ። ስንት ጊዜ እዚያ ታክሲ ተሰልፌአለሁ! ለምን ሜክሲኮ እንደተባለ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁም» አልኳቸው።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ጋሼ። «እኔ በወጣትነቴ በሜክሲኮ ከተማ ቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር እመላለስ ነበር። አንዱ ጣቢያ ኢትዮጵያ ይባላል። ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። እኔም ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።»

ሁለታችንም ተያይተን ሳቅን። በኋላ ጠይቄ ተረዳሁ። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ጄኔቫ ላይ የመንግሥታት ማኅበር ነበር። ብዙ መንግሥታት የኢጣሊያን ግዛት ተቀበሉ። ሜክሲኮ ግን አልተቀበለችም። ፕሬዚዳንቷ ላሳሮ ካርዴናስ ነበሩ። መልእክተኛዋ ናርሲሶ ባሶልስ በማኅበሩ ውስጥ ተከራከሩልን። ተወርራ የምታውቅ አገር የተወረረን ታውቃለች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ሜክሲኮን ጎበኙ። በሜክሲኮ ከተማ አንድ አደባባይ ኢትዮጵያ ተብሎ ተሰየመ፤ በአዲስ አበባም ሜክሲኮ የሚባል አደባባይ አለ። የባቡሩ ጣቢያ በ1980 ሲከፈት ስሙን ከአደባባዩ ወሰደ።

ሲነጋ

ከባሩ ስንወጣ ሰማዩ መንጣት ጀምሮ ነበር። ጋሼ አውቶቡስ እስኪመጣ ስልካቸውን አወጡ። ፑዌብላ ውስጥ ነግቷል። እናታቸውን አነጋገሩ። ስለ ሞሌው ሲነግሯቸው ሰማሁ። እኔም እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ እንኳን ለድል በዓል አደረሰሽ» አልኳት። «ትናንት አለፈ እኮ» አለችኝ። ድምጿ ግን ደስ ብሎት ነበር።

ጋሼ ከሥራ አልተባረሩም። በሚቀጥለው ዓመት ቆቡ እንደገና መጣ፤ ጠጪዎች ደፉት። ከሠራተኛ ግን ማንም «አድርግ» አልተባለም። እኛም ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ሞሌያችንን በላን። እኔ በፌርፋክስ የገዛሁትን እንጀራ ይዤ ነበር። ሞሌ በእንጀራ እንዴት እንደሚጥም ብትቀምሱ!

አንባቢያን ሆይ፣ በመንደራችሁ ስማቸውን ዘወትር የምትጠሩት ሜዳ፣ ኮረብታ ወይም መንገድ ይኖራል። ለምን እንደዚያ እንደተባለ ታውቃላችሁ? የሚያውቁ ሽማግሌ ካሉ ዛሬ ሂዱና ጠይቋቸው። ነገ እንዳትሉ።